ጃርት አይናገርም

አባቴ ሰባተኛው ረድፍ ላይ ቆሞ ይሰድበኛል። «አንተ እሾሃም! ውረድልን ከሜዳው!» እኔ መሆኔን አያውቅም።

የቡድናችንን ምልክት፣ የጃርቱን ልብስ፣ ለብሼ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። አንድ ቦታ መቆም አቅቶኛል፤ እዘላለሁ፣ እጨፍራለሁ፣ ሕፃናት አቅፋለሁ፣ ዓይኔ ግን ከእሱ አልነቀል ብሏል። የለበሰው የኮሎኔሎቹን ቀይ ጃኬት ነው፤ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሲጫወት የተሰጠውን። ቡድናችን ዘጠና ዓመት ሙሉ «ኮሎኔሎቹ» ነበር የሚባለው፤ ምልክቱም ጎራዴ የመዘዘ ሪዛም ሽማግሌ። ያ ኮሎኔል እዚህ ወንዝ ዳር ይኖሩ የነበሩትን ሰዎች ቤታቸውን አቃጥሎ ያባረረ ነው። ባለፈው ሚያዝያ በተማሪዎች ምክር ቤት «ስሙ ይቀየር» ብዬ የተነሳሁት እኔ ነኝ፤ ተቀየረና «ጃርቶቹ» ተባልን። አባቴ ጋዜጣ ላይ አነበበው። ከዚያ ወዲህ፣ ይኸው ሰባት ወር፣ ስልኬን አያነሳም።

የዕረፍት ፊሽካ ይነፋል። ልብሱ ውስጥ ሆኜ መንገድ የሚመራኝ አጃቢዬ፣ ድሩ የሚባለው ልጅ፣ ክንዴን ይዞ ያንሾካሹካል። «ጆሲ፣ ወደዚያ እንዳትሄጂ! ሰውየው ነገር ፈልጓል።»

አስለቅቄው ደረጃውን እወጣለሁ።

«ቨርሊን፣ ሊያቅፍህ መጣልህ!» ይላል አንዱ የአባቴ ጓደኛ። «ተጠንቀቅ፣ ይወጋሃል!»

«እስቲ ይሞክራት!» ይላል አባቴና ይቀመጣል።

ጓደኞቹ እየተሳሳቁ ቋሊማ ሊገዙ ይወርዳሉ። እኔ የምሄድበት ጠፍቶኝ አጠገቡ ቁጭ እላለሁ። አያባርረኝም።

«ስማ» ይላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ተማሪ ነህ አይደል? ጆሲ የምትባል ልጅ ታውቃለህ? ረጅም፣ ነገረኛ፣ አፏ የማያርፍ?»

ያንን ትልቅ ጭንቅላት እንደ ምንም ብዬ ከፍ ዝቅ አደርገዋለሁ።

«ልጄ ናት። ለጨዋታው የመጣሁ እንዳይመስልህ። ትኖር እንደሆን ብዬ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ባይ ባይ የለችም።» አፍንጫውን በእጅጌው ይጠርጋል። «ደህና ናት? ትበላለች?»

ጃርት አይናገርም። ልብሱን ሲሰጡኝ ያስፈረሙኝም ይህንኑ ነው፤ ሰው ፊት አንድ ቃል የተነፈሰ በዚያው ቀን ያስረክባል። ከአርባ ሰው ጋር ተወዳድሬ ያገኘሁት ልብስ ነው፣ እወደዋለሁ። ድሩ የገባው ይመስል ከታች ሆኖ «ተይ፣ ተይ» እያለ እጁን ያወናጭፋል። እኔ ግን አባቴ ናፍቆኛል። ናፍቆኝ ልሞት ነው።

«አባዬ» እላለሁ።

አፍንጫውን የጠረገበት እጁ ባለበት ይቀራል። ወደ ኋላው ዞር ይላል፣ ወደ ደረጃው ያያል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ እኔ።

የማየው በጃርቱ አፍ በኩል ነው። አባቴ ተንበርክኮ ሁለት እጁን በጃርቱ አፍ ግራና ቀኝ ይጋርድና፣ ግንባሩን አስጠግቶ ጨለማው ውስጥ ይፈልገኛል።