ወላጅ ይምጣ

የሺ አባቷን በክንዳቸው ይዛ የትምህርት ቤቱን በር ስትዘልቅ፣ ዘበኛው ብድግ ብሎ ለሽማግሌው እጅ ነሣ።

«ምነው አያ ታፈረ፣ በደህና ነው? የልጅ ልጅዎ አጥፍቶ ነው?»

«የለም። ያጠፋችውስ ልጄ ናት።»

ዘበኛው የሺን አየ። የሺ መሬት መሬቱን አየች።

አርባ ዓመት ያለፋት፣ ሁለት ልጆች ያሳደገች፣ ንፋስ መውጫ ገበያ ውስጥ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትነግድ ሴት ናት። እስከ ስምንተኛ ክፍል በማታ ተማረች። ዘንድሮ የማታው ትምህርት መምህር ታጥቶ ሲዘጋ፣ ዘጠነኛን ከልጆች ጋር በቀን እንድትማር ፈቀዱላት። በልኳ የተሰፋ ዩኒፎርም ስላልነበረ ጨርቁን ገዝታ አሰፋች።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ደህና ነበር። ኋላ ከወረታ አትክልት ጭኖ የሚመጣው አይሱዙ ማርፈድ ጀመረ። እሱ ሲያረፍድ እሷም ታረፍዳለች። ሰሞኑን ለሦስተኛ ጊዜ ስታረፍድ፣ የተማሪዎችን ሥነ ሥርዓት የሚቆጣጠረው መምህር አበባው በር ላይ አስቆማት። አዲስ የተመደበ ወጣት ነው። አንቺ ይበላት እርስዎ ጨንቆት፣ «ወላጅ ይምጣ፤ ያለ ወላጅ ክፍል መግባት የለም» አለ።

ባሏ ልመንህ፣ «እኔ ልምጣልሽ?» ብሏት ነበር።

«ባል ወላጅ ነው እንዴ?» አለችው።

ያላት ወላጅ አንድ ነው። እርሻው አልሆን ካላቸው ወዲህ እሷው ዘንድ ይኖራሉ። ልጅ ሳለች ከአራተኛ ክፍል አስወጥተው የዳሯት እሳቸው ናቸው። ዳግም ደብተር ከያዘች ጀምሮ ደግሞ፣ ደግ አደረግሽም አበድሽም ብለዋት አያውቁም። አሁን መምህር ፊት ምን ሊሉ እንደሆነ አታውቅም።

መምህራኑ ቢሮ ሲገቡ፣ መምህር አበባው ሽማግሌውን አይቶ ተነሣና ወንበር ሳበላቸው።

«ይቀመጡ አባቴ። የማን ወላጅ ነዎት?»

«የዚች።»

የአበባው ፊት ቀላ። ባሏን ወይ ታላቅ ወንድሟን ነበር የጠበቀው። ከጎኑ ባለው ጠረጴዛ ፈተና የምታርመው የባዮሎጂ መምህርት ጽዮን ወረቀቱን ወደ ፊቷ አስጠጋች።

«እንግዲህ፣ ልጅዎ ታረፍዳለች» አለ አበባው ጉሮሮውን ጠርጎ። ሁሉንም ወላጅ የሚጠይቀውን ጥያቄ ጠየቃቸው። «ቤት ውስጥ ክትትል ያደርጉላታል?»

«ከተወለደች ጀምሮ።»

ጽዮን ከወረቀቱ ጀርባ ሳቀች።

«ሕግ ሆኖብኝ ነው አባቴ። አንዱን ካለፍኩት ሌላውን መያዝ አልችልም። ከእንግዲህ ካረፈደች ሁለት ሳምንት ትታገዳለች። የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ደግሞ ደርሷል፤ ያመልጣታል።»

«ሕጉስ ደግ ነው» አሉ አያ ታፈረ።

የሺ ዘወር ብላ አየቻቸው። ይበቃታል፣ ትቅር የሚሉት አሁን ነው።

«ትምህርቱንስ እንዴት አድርጋዋለች?» ሲሉ ጠየቁ።

አበባው ወደ ጽዮን ዞረ። ጽዮን ወረቀቱን አስቀመጠች።

«ጎበዝ ናት። እጇን ሳታወጣ የምትውልበት ቀን የለም። እሷ ስትኖር ደግሞ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ልጆቹ ይፈሯታል።»

«እኔን አይደለም» አለች የሺ ቀስ ብላ። «እናቶቻቸው ደንበኞቼ ስለሆኑ ነው።»

አሁንስ አበባውም ሳቀ። አያ ታፈረ ግን አልሳቁም። ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ተደገፉ።

«እንዲያ ከሆነ መኪናውን እኔ እቀበላለሁ» አሉ።

«የቱን መኪና?»

«የቲማቲሙን። እሷ በሰዓቷ ትግባ። ሲያረፍድ እኔ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። ምን ሥራ አለኝ?»

«አባ፣ የጠዋቱን ብርድ እንዴት ይችሉታል?» አለች የሺ።

«አንቺን አይበርድሽም?»

የሺ ሌላ ወሬ ፈለገች።

«የላሸቀውን ቲማቲም ከሣጥኑ ሥር ነው የሚደብቁት» አለች።

«ገልብጬ አያለሁ።»

«ከሹፌሩ ጋር እንዳይጣሉ ደግሞ።»

«እሱ ካልጀመረኝ።»

አበባው እጁን አነሣ። «በቃ፤ ከወላጅ ጋር ተስማምተናል። ግቢ» አለና ደነገጠ። «ማለቴ፣ ይግቡ።»

«ግቢ ይበቃኛል፣ መምህር» አለች የሺ።

የሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ደወል ተደወለ። አባቷን እስከ በረንዳው ሸኝታ፣ «በዚያ በኩል ነው መውጫው» አለቻቸው። «ዐይን አለኝ፤ ሂጂ አሁን» አሏት። ዩኒፎርሟን ሰብሰብ አድርጋ ግቢውን በሩጫ አቋርጣ ክፍል ገባች።

የሒሳብ መምህሩ ጌታነህ ስም መጥራት ጀምሯል። የሺ መቀመጫዋ ደርሳ ቀና ስትል፣ ክፍት በሆነው መስኮት የአባቷን ባርኔጣ አየች። አልሄዱም። ፀሐይ የሚሞቁ መስለው ከግድግዳው ሥር ቆመዋል፤ አንገታቸው ግን ወደ ውስጥ ነው።

«እሱባለው ዮሐንስ።»

«አቤት።»

«ፋሲካ ቀለመወርቅ።»

«አቤት።»

ስሙ እየተጠራ ወደ መጨረሻው መጣ። አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ መስኮቱን እያየች፣ «ማናቸው?» ስትል በሹክሹክታ ጠየቀቻት። የሺ ልትመልስላት ዘወር አለች።

«የሺ ታፈረ» አለ ጌታነህ።

«አቤት» አሉ ከመስኮቱ ውጭ አያ ታፈረ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው።