‹እነ› ስንት ነው?

«‹እነ› ስንት ነው?» ይላሉ የሒሳቡ አማካሪዬ፣ እስክሪብቷቸውን ከፊርማው ቦታ በላይ አንጠልጥለው።

ጠረጴዛው ላይ ያለው የመመረቂያ ጽሑፌ ነው። ሒሳብና ሶሲዮሎጂን በአንድ ዲግሪ አጣምሬ ልማር ብዬ አራት ዓመት በሁለት ሕንፃዎች መሀል ስሮጥ ከርሜ፣ የቀረኝ ሁለት ፊርማ ነው። እስከ ስድስት ሰዓት ሁለቱም ካልፈረሙልኝ ዘንድሮ አልመረቅም። አሁን አምስት ተኩል አልፏል።

ጥናቴ ቀላል ነበር፤ ማለቴ፣ ቀላል ይመስለኝ ነበር። መቶ ሃያ የሰፈር ሰዎችን «ሲጨንቅዎ ማንን ያማክራሉ?» ብዬ ጠየቅሁ። ማን ማንን እንደሚያማክር በመስመር አገናኝቼ፣ መስመሩን ቆጥሬ፣ ሰፈሩ ምን ያህል እንደተሳሰረ ላሳይ ነበር። ሰዎቹ ግን «እነ ወንድሜን»፣ «እነ ጎረቤቴን» እያሉ መለሱልኝ። እኔም እንደወረደ ጻፍኩት። የገዛ ቋንቋዬ ጉድ ይሠራኛል ብዬ መች አስቤ!

«አንድ ሰው ‹እነ ወንድሜ› ሲል ሁለት ናቸው? አምስት ናቸው?» ይላሉ የሒሳቡ አማካሪዬ። ተማሪው በቅጽል ስም «ስንት ነው» የሚላቸው በከንቱ አይደለም።

«አይቆጠርማ!» ይላሉ አጠገባቸው የተቀመጡት የሶሲዮሎጂ አማካሪዬ። «ሰውየው የሚተማመነው በወንድሙ ቤት ሰው ሁሉ ነው። ቁጥር ካስገባሽበት እኔ አልፈርምም።»

«ካላስገባሽበት እኔ አልፈርምም።»

የሒሳቡን አማካሪዬን ስሰማ ልክ ናቸው እላለሁ። የእሷን፣ ይቅርታ፣ የሶሲዮሎጂዋን ዶክተር ስሰማም ልክ ናቸው እላለሁ። ጭንቅላቴ ዞሯል።

የሒሳቡ አማካሪዬ ያዘኑልኝ መሰለኝ። «ቆይ፣ ባንቺ እንሞክረው። አንቺ ሲጨንቅሽ ማንን ታማክሪያለሽ?»

«እነ እማዬን» እላለሁ ሳላስበው። ሦስታችንም እንስቃለን።

«ጎሽ! እነ እማዬ እነማን ናቸው? ቁጠሪያቸው እስቲ።»

አንድ ጣቴን አነሳለሁ። እማዬ። ቀጥዬ አባዬን ልል እልና አፌን እይዛለሁ። አባዬ ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነው። ወንድሜም ከዚያ ወዲህ አገር ለቆ ስልኩ እንኳ አይሠራም። ቤት ያለችው እማዬ ብቻ ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ «እነ እማዬ ደህና ናቸው» ስል ማንን ማለቴ እንደነበር አላውቅም።

«አንድ» ይላሉ የሒሳቡ አማካሪዬ ጣቴን አይተው፣ ዝግ ባለ ድምፅ። «እንግዲያው ‹እነ›ን ሁሉ አንድ ብለን እንቁጠረው? እሺ ካልሽ እፈርማለሁ።»

ዶክተሯ ይቃወማሉ ብዬ እጠብቃለሁ። ፊቴን ያዩና ቦርሳቸውን ከፍተው እስክሪብቶ ያወጣሉ። «ግድ የለም፣ እኔም እፈርማለሁ።»

እሺ ማለት ብቻ ነው የቀረኝ፤ እሺ ካልኩ ግን ‹እነ እማዬ› ከእንግዲህ እማዬ ብቻ ናት። ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። ሁለቱም አፌን አፌን ያዩኛል፤ እኔ ግን አንድ ጣቴን እንዳነሳሁ ቁጭ ብያለሁ።