ቅሬታ በጽሑፍ

ዓይነ ስውር ስለሆነች በፈተና ቀን መልሷን በቃሏ ትናገራለች፤ ዩኒቨርሲቲው የመደበላት ሰው ይጽፍላታል። ወረቀቱ ሲመለስ ጓደኛዋ አነበበችላት። አንዱም መልስ የእሷ አልነበረም።

የቅሬታ ሰሚ ክፍል ኃላፊዋ ደግ ሴት ናቸው። እጇን ይዘው ወንበር ላይ አስቀመጧት።

«ሆን ብሎ ነው» አለቻቸው። «ለብቻችን እንገናኝ ሲለኝ እምቢ ስላልኩት ነው። ስሙ . . .»

«ቆይ የኔ ልጅ፣ ስሙን አሁን አትንገሪኝ። ቅሬታ በጽሑፍ ካልሆነ አንቀበልም። እኔ ስብሰባ ረፍዶብኛል፤ የሚጽፍልሽ ሰው አስጠርቼልሻለሁ።»

አመሰገነቻቸው።

ኃላፊዋ ሲወጡ ሌላ ሰው ገባና በሩን ዘጋው። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ያ የፈተና ክፍሉ ድምፅ ጆሮዋ ሥር፣

«እሺ እህቴ፣ ምን ብዬ ልጻፍልሽ?» አላት።