ሦስተኛው ካርድ

ጥናቱ ጆሃንስበርግ ውስጥ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ተደብቀው ስለሚኖሩ ሐበሾች ነው። በአድራሻ ፈልጎ ማግኘት ስለማይቻል፣ አጥኚው ቃለ መጠይቁን ለጨረሰ ሁሉ ሦስት ሦስት ካርድ ይሰጣል፤ «እንደ እርስዎ ፈቃድ ለሌለው፣ በደንብ ለሚያውቁት ሰው ይስጡልኝ» እያለ።

ብርድ ልብስ የምትቸረችረው ሴትዮ ሁለቱን አድላ አንዱን ይዛ ተመለሰች።

«ምነው እትዬ፣ ሰው አጡ እንዴ?»

«ኧረ አላጣሁም» ብላ ካርዱን ፊቱ አስቀመጠችለት።

«እኔ እኮ አጥኚው ነኝ!»

«ይሁና ልጄ። ያን ዕለት እዚህ ስትጠይቀኝ ፖሊስ መጣ ሲባል ጠረጴዛው ሥር ብገባ፣ ቀድመኸኝ ገብተህ አገኘሁህ።»

አጥኚው ተነስቶ በሩን ቆለፈና ተጠያቂዎቹ የሚቀመጡበት ወንበር ላይ ሄዶ ተቀመጠ።