ለዓሣዎቹ የሚሆን መብራት

ባለሱቁ ጌታሰው የመጀመሪያውን አምፖል ሰክቶ አበራው። መምህር ይስማው ፊቱን ወደ አምፖሉ አስጠግቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ፣ «ይሄ ቢጫው ነው። ሙቀት እንጂ ለቅጠል የሚሆን ብርሃን የለውም» አለ።

እውነትም ቢጫ ነበር። ሚስቱ ይመኙሻል ደስ አላት።

ሰቆጣ ውስጥ ዓሣ በመስታወት ሣጥን የሚያኖር ከእሱ ሌላ ሰው አታውቅም። ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሮ ጡረታ ሲወጣ ሣጥኑን በገዛ እጁ ሠራው፤ ዓሣዎቹን ከተከዜ በጀሪካን አስመጣ፤ የውሃ ሣሩን ከምንጭ ዳር ነቅሎ አሸዋው ላይ ተከለው። ካለፈው ወር ወዲህ ግን አምፖሉ ተቃጥሎ ሣሩ ወይቧል። የእሱ ዓይን መድከም የጀመረው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ሐኪሙ ቀኙ እንደማይመለስ ነግሯቸዋል። «ግራዬ ደህና ነው» ይላታል ጠዋት ጠዋት፣ ሳትጠይቀው።

ጌታሰው የቀድሞ ተማሪው ስለሆነ አልተሰላቸም። ሁለተኛውን ሲያመጣ መምህሩ የካርቶኑን ጽሑፍ አስነበበውና ሰማያዊ ከበዛበት ውሃው አልጌ ያበቅላል ብሎ መለሰው። የሣጥኑ ውሃ ከአንድ ክንድ አይጠልቅም፤ የቀትር ፀሐይ የመሰለ ነጭ፣ በቀን ስምንት ሰዓት ቢበራ ይበቃዋል አለው።

«ይሄኛውስ፣ መምህር? እስቲ ይዩት» አለ ጌታሰው፣ ነጩን አብርቶ።

መምህሩ ጎንበስ እንዳለ መብራት ሄደ። አምፖሉ ጠፋ፤ ሱቁ ውስጥ በበሩ የሚገባው የቀን ብርሃን ብቻ ቀረ።

መምህር ይስማው ፊቱን ከአምፖሉ አላነሣም።

«ይኸውልሽ፣ ይመኙ» አለ። «ንጣቱን አየሽው?»

ጌታሰው ሊናገር አፉን ከፈተ። ይመኙሻል በዓይኗ ለመነችው። ቢጫውን ጉንጩ ላይ በተሰማው ሙቀት፣ ሰማያዊውን በካርቶኑ ጽሑፍ እንደለየ አሁን ገባት። ዛሬ ጠዋት ቀሚስሽ ያምራል ብሏት ነበር።

«አላማረሽም?»

«ያምራል» አለች። «እሱን እንውሰድ።»

ጌታሰው መጠቅለያ ሊያመጣ፣ ኮቴውን ሳያሰማ ወደ ጓዳ ገባ። መምህሩ መሄዱን አላወቀም። ፊቱን ጌታሰው ቆሞበት ወደነበረው ባዶ ስፍራ አዙሮ፣ ዓሣዎቹ እንዲህ ያለ ብርሃን ሲያርፍባቸው ቅርፊታቸው እንዴት እንደሚያብረቀርቅ ፈገግ ብሎ ያስረዳው ጀመር።