የተወጋው ሲረሳ

«ራስሽን አትነቅንቂ፣ አንቺ ሴት! ጆሮሽን ስቼ አንገትሽን ብወጋ ሙሽራዋ ምን ትለኛለች?» አለ ደርቤ፣ መርፌውን በሻማ እሳት እያገላበጠ።

የልጃቸው ሠርግ ዛሬ ነው። ሚስቱ ይመኙሻል የእናቷን የወርቅ ጉትቻ ሳታደርግ ከቤት እንደማትወጣ ምላለች። ችግሩ ጆሮዋ ነው። ሃይድራ የምትባለው ደቃቅ የውኃ እንስሳ ራሷ ሲቆረጥ ሌላ ራስ ታበቅላለች። የሃይድራን ሕዋሶች «አብቅሉ» ብሎ የሚያዘው ፕሮቲን በመድኃኒትነት ለይመኙሻል ተሰጥቶ የታመመው ጉበቷ ዳግም ካቆጠቆጠ ወዲህ፣ ሰውነቷ ያገኘውን ቀዳዳ ሁሉ ይደፍናል። ጠዋት የተበሳ ጆሮዋ ማታ ድፍን ነው።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባል ነበር» አለ ደርቤ። «ያንቺ ጆሮ ተረቱንም አበላሸው። በየበዓሉ እወጋዋለሁ፣ በማግስቱ አያውቀኝም።»

«ጆሮዬ ይርሳ፤ እኔ መች ረሳሁ? ለፋሲካ አጣመህ ነው የበሳኸኝ።»

ደርቤ ሳቀ። መርፌውን ሲያስጠጋ ግን እጁ ተንቀጠቀጠ፤ መልሶ አወረደው። መድኃኒቱ ለእሱ ደም እንደማይስማማ ሐኪሙ ከነገረው ቆይቷል።

«አበሳሱን ለልጃችን ላሳያት መሰለኝ» አለ ቀስ ብሎ። «እጄ እንደ ጉበትሽ አይታደስም። ነገ እኔ ባልኖርስ?»

«አንተ ከሌለህ ለማን ብዬ ነው የማጌጠው?» አለችና የእጁን አንጓ በሁለት እጇ ጨብጣ መርፌውን ወደ ጆሮዋ መራችው። «እኔ እይዝልሃለሁ፤ አንተ ውጋ።»

ወጋ።

«አመመሽ?»

«በጣም!» አለች፣ በመስታወቱ ውስጥ እየሳቀችበት። እጁን ግን አልለቀቀችውም። «በል ያኛውንም ቶሎ በለው፣ ይኼኛው ሳይረሳህ።»