ክርስትና የሚያነሳው

ሲራክ ከመኪናው ሲወርድ ኪራኮስ ሮጦ የቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ላይ ያገኘዋል። ሲራክ በዚህ ማለዳ ከአሌክሳንድሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ የነዳው የጓደኛውን የኪራኮስን ልጅ ክርስትና ሊያነሳ ነው። ነጠላው እንደ ሙሽራ ልብስ ተተኩሷል።

"ሲራኬ፣ ማታ ቴክስት ላደርግልህ ነበር..." ኪራኮስ መሬት መሬቱን ያያል። "አባ አልፈቀዱም። ያው፣ የሚወራውን ሰምተው ነው መሰለኝ። መስፍን ያነሳዋል።"

አባ ምንም አላሉም። ያለው ሌላው የኪራኮስ ጓደኛ መስፍን ነው፣ ትናንት በስልክ። "ሰውየው አርባ አልፎት አላገባም። የሚባለው እውነት ይሁን ውሸት እኔ ምን አገባኝ? ግን አበልጅ ከሆናችሁ ስላንተም መወራቱ አይቀርም።" ኪራኮስ እንቅልፍ ያጣው ለልጁ ብሎ አይደለም፤ ለገዛ ስሙ ፈርቶ ነው።

"ርብቃ ታውቃለች?" ይላል ሲራክ።

"እነግራታለሁ።"

የኪራኮስ ሚስት ርብቃ ሕፃኑን እንደታቀፈች ትደርስና ሲራክን አገላብጣ ትስመዋለች። ደጁ ላይ የቆሙት ሴቶች ይስቃሉ። "አንቺስ ታድለሻል! ከሲራክ ጋር ብትውዪም ባልሽ አይቀናም!" እሷም አብራ ትስቃለች። ሴት ከሲራክ ጋር ስትታይ ቀልድ ነው፤ ወንድ ሲታይ ግን "እሱም እንዴ?" ይባላል። ኪራኮስ ሚስቱ በሳቅ የምታልፈውን ነገር እሱ ይህን ያህል መፍራቱ ያሳፍረዋል።

አባ ልሳነወርቅ መስቀላቸውን ይዘው ብቅ ይላሉ። ሲራክ ጎንበስ ብሎ ይሳለማል።

"እሰይ፣ በሰዓቱ መጣህ! ክርስትና የምታነሳው አንተ ነህ አይደል? በል ግባ፣ ልንጀምር ነው።"

ሲራክ ቀና ብሎ ኪራኮስን ያየዋል። ሁሉንም ተረድቷል። አንድ ቃል ቢተነፍስ ኪራኮስ በቄሱም በሚስቱም ፊት ያልቅለታል።

"አይ አባ፣ እኔ አይደለሁም" ይላል ሲራክ። "እንኳን ደስ አላችሁ ልላቸው ብቻ ነው የመጣሁት። ሥራ ገቢ ነኝ፣ ይፍቱኝ።"

የሕፃኑን እግር ስሞ ይሄዳል።

"ምንድን ነው ነገሩ?" ትላለች ርብቃ።

"ታዲያ ማነው የሚያነሳው?" ይላሉ አባ።

አሁንም ጊዜ አለ፤ ሲራክ መኪናው ጋ ገና አልደረሰም። ኪራኮስ በሩ ተዘግቶ ሞተሩ እስኪነሳ ድረስ ይጠብቃል። ከዚያ እጁን ያነሳና ደጁ ላይ የቆመውን መስፍንን ይጠራል።